አባባና አረንጓዴ ባንዲራቸው

አባቴ አቶ ወልደየስ ከድሬዳዋ እኔ ወደምኖርበት ካልጋሪ ሲመጡ ይዘውት የመጡት ፈረንሳይኛና አንድ ታሪክ ነው። እንግሊዝኛ ተማሩ ብላቸው "በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ቋንቋ አላገባም" አሉኝ። ታሪኩን ግን ሰው በተገኘበት ያወሩታል። የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ እንዲሉ፣ ሰፈራችን ራንድል ያለ ሐበሻ በሙሉ በቃሉ ይዞታል።

እሳቸው አያሳጥሩትም፣ እኔ ላሳጥረው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመን ፈረንሳይን አሸነፈና ከግማሽ በላይ ያዛት። የቀረችው፣ ቪሺ በምትባል ከተማ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ማርሻል እንዲመሯት ተተወችና "ነጻ አገር" ተባለች። ነጻነቷ ጀርመን ላለው ሁሉ እሺ ማለት ነበር። ጅቡቲም በዚያው መንግሥት ሥር ስለነበረች እንግሊዞች በየብስም በባሕርም ዘጉባት፤ ሕዝቡ ተራበ። አባባ ያኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆነው እዚያው ጅቡቲ የምድር ባቡር ባንዲራ ያዥ ነበሩ፤ ባቡሩን በቀይ ያስቆማሉ፣ በአረንጓዴ ያሳልፋሉ። ባቡሩ ከቆመ ቆይቷል፣ እሳቸው ግን ቀዩንና አረንጓዴውን ይዘው የሐዲዱ ድልድይ አጠገብ መቀመጥ አልተዉም።

በፈረንጆቹ 1942 መጨረሻ ላይ ጀርመን ያችኑ "ነጻ" የተባለችውንም ጠቅልሎ ገባባት። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ከእንግሊዝ ጋር የወገኑት ፈረንሳዮች ጅቡቲን ሊይዙ በሐዲዱ ላይ በእግራቸው መጡ። አባባ አረንጓዴውን ከፍ አድርገው አሳለፏቸው። "ጅቡቲን ነጻ ያወጣኋት እኔ ነኝ!" ይሉና ደረታቸውን ይነፋሉ። ኧረ በሕግ አምላክ! ሰው በእግሩ ሲመጣ ባንዲራ ምን ያደርግለታል? እንዲህ ብዬ ብጠይቃቸው ያኮርፉኛል።

ታሪኩን ሳይሰለች የሚሰማቸው ሙሴ ጋስቶን ብቻ ነበር። ሙሴ ጋስቶን ፈረንሳዊ ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ መጥቶ እዚሁ ካልጋሪ ባቡር ላይ ሲሠራ ጡረታ ወጣ። ሚስቱ ሞታለች፣ ቤቱም ከእኛ ብዙ አይርቅም። የተገናኙት ሰንሪጅ ሞል አጠገብ ያለው ዶናት ቤት ነው። አባባ እንግሊዝኛ ስለማይችሉ በጣታቸው እያመለከቱ ዶናት ሲያዝዙ፣ ከኋላቸው የቆመው ሰውዬ በፈረንሳይኛ "የምን ዶናት ነው የፈለጉት?" አላቸው። እሳቸውም ዘወር ብለው አቀፉት። የማያውቁትን ሰው!

ከዚያ ወዲህ ቤቴ ተለወጠ። እኔ ሆቴል ላውንድሪ ነው የምሠራው። በፊት ከሺፍት ስመለስ አባባ ጠዋት ጥያቸው በሄድኩበት ወንበር ላይ ነበር የማገኛቸው። ሙሴ ጋስቶን ከመጣ በኋላ ጢማቸውን በየቀኑ ይላጫሉ፣ ከረባት ያስራሉ፣ ማታ ማታ ሁለቱ የተሳሳቁበትን እየነገሩኝ ብቻቸውን ይስቃሉ። እግዜር ይስጠው እያልኩ ነበር የማድረው።

የዛሬ ዓመት፣ በ1996 የካቲት ላይ፣ አባባ በጊዜ ቤት ገብተው አገኘኋቸው።

"ምነው አባባ?"

"ምንም።"

ስጨቀጭቃቸው ነገሩ ወጣ። ለካ ሙሴ ጋስቶን ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ነግሯቸው ኖሯል። ጀርመን ጠቅልሎ ሲገባ እሱ የዚያችው የቪሺ ወታደር ሆኖ ካምፕ ውስጥ ነበር። ታዲያ አባባ ስቀው ምን ቢሉት ጥሩ ነው? "አንድ ጥይት ሳትተኩሱ? እኔ በአንዲት ጨርቅ ከተማ ነጻ ሳወጣ እናንተ ጦር ሙሉ ተኝታችሁ? በእኛ አገር እንዲህ ያለው ሰው ባንዳ ይባላል።" ባንዳ ማለት ምን እንደሆነም ቁጭ ብለው አስረዱት። ሙሴ ጋስቶን የገመጠውን ዶናት አስቀምጦ ወጣ።

"አባባ! ምላስ አጥንት የላትም ግን አጥንት ትሰብራለች የምትሉኝ አንቱ አልነበራችሁም እንዴ?"

"የተናገርኩት እውነቱን ነው" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሙሴ ጋስቶን ዶናት ቤቱን ተወ። ስልክም አያነሳም። አባባ መላጨት አቆሙ፣ ወደዚያች ወንበር ተመለሱ፣ ሾርባ እንኳ ሳቀርብላቸው "ቆይ" ይሉኝ ጀመር። ፈራሁ፣ አልዋሽም። ሰው ከሚያነጋግረው ሰው ሲለይ እንዴት እንደሚያልቅ አይቻለሁ። ደውሉና ይቅርታ በሉት ብላቸው "በስልክ ይቅርታ አለ እንዴ?" አሉኝ። እንግዲያው ሽማግሌ ይገባል አልኩና ጋሼ በድሉን ጠራሁ። ጋሼ በድሉ በቤተ ክርስቲያናችን የተጣላ ባልና ሚስት ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ታክሲ የሚነዱትን ጋሼ ደርበውን አስከትለው መጡና፣ አባባን ሰምተው ፈረዱ። "በዳይ አንተ ነህ። በወጉ ድንጋይ ተሸክመህ ደጁ ሄደህ ትወድቃለህ።"

ፍርዱ ደግ ነበር፤ ድንጋይ ከየት ይምጣ? በረዶው ጉልበት ይደርሳል፣ ከሥሩ ያለው መሬት እንደ ብረት ደርቋል። የጎረቤቴን አጥር ሥር በአካፋ ስቆፍር ጎረቤቴ በመስኮት አየችኝና ተውኩት። ያኔ ጋሼ ደርበው የታክሲያቸውን የኋላ ኮፈን ከፍተው፣ መኪና በረዶ ላይ እንዳይንሸራተት በክረምት የሚጭኑትን የአሸዋ ከረጢት አወጡ።

"አሸዋ ድንጋይ ነው እንዴ?" አሉ ጋሼ በድሉ።

"የደቀቀ ድንጋይ ነዋ! እግዜር አይቶ ይፈርዳል።"

ሙሴ ጋስቶን ቤት ፓርክ አደረግንና ደጁን አንኳኳን። ደረጃው በረዶ ረግቶበት እንደ መስታወት ያበራል። በሩን ሲከፍት አባባ ከረጢቱን ማጅራታቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ደፍተዋል፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች በግራና በቀኝ ቆመዋል። ሰውዬው አሸዋውን አየና በእንግሊዝኛ "አመሰግናለሁ፣ የደጄን በረዶ ራሴ እጠርጋለሁ" ብሎ በሩን ሊዘጋ! በረዶ ላይ አሸዋ ልንበትንለት የመጣን መስሎት። በሩን በክርኔ ያዝኩትና አሸዋ የምንሸከመው ለምን እንደሆነ ነገርኩት። ሰማኝ፣ አባባን ረጅም ጊዜ አያቸው፣ ከዚያ አስገባን።

ሽምግልናው ሲጀመር ሌላ ጣጣ ተነሣ። እኔ ላስተርጉም ብል ጋሼ በድሉ "ልጅ ለአባቷ ታዳላለች" ብለው ከለከሉኝ። ታዲያ ማን ያስተርጉም? ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሐበሻ በዳዩ ብቻ ነው! ጋሼ በድሉ አባባን ለረጅም ጊዜ ወረዱባቸው፤ ትዕቢተኛ፣ ምላሰኛ፣ የወዳጅ ዋጋ የማያውቅ። አባባ ይህን ሁሉ ትንፋሽ በማይሞላ ፈረንሳይኛ ጨረሱት።

"ያን ሁሉ ተናግሬ ይህችው ብቻ?"

"ፈረንሳይኛ አጭር ቋንቋ ነው" አሉ አባባ። ሳቄን በመሐረብ አፈንኩት።

ሙሴ ጋስቶን ግን አልሳቀም። ቀስ ብሎ መናገር ጀመረ፣ አባባም መተርጎማቸውን ረስተው ያዳምጡ ጀመር።

"ምን አለ?" አሉ ጋሼ ደርበው።

አባባ ተረጎሙ። "ሃያ ዓመቴ ነበር፣ መተኮስ ፈልጌ ነበር ይላል። ከካምፕ አትውጡ ተብለን ታዘዝን፣ የጀርመን መኪና በመስኮታችን ሥር ሲያልፍ ቆመን አየን። በኋላ አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ መጥተው ጠመንጃችንን ከአልጋችን ላይ ለቀሙ። ይህንን ለሚስቴም አልነገርኳት ይላል። ለወዳጄ ብነግረው ሳቀብኝ ይላል።"

አባባ ተነሡ። ያወረዱትን ከረጢት ማንም ሳያዛቸው መልሰው ተሸከሙና ጎንበስ አሉ። ለእኛ እንድንሰማ በአማርኛ፣ ለእሱ በፈረንሳይኛ፣ ዐረፍተ ነገር እየቆረጡ ተናገሩ።

"ያን ቀን በሐዲዱ ላይ ወታደር ሲመጣ አየሁ። የማን ወታደር እንደሆነ አላውቅም ነበር። እናቴ ከበላች ሰንብታለች። የሚመጣው ሁሉ ዳቦ ይዞ ይሆናል ብዬ አረንጓዴውን አነሣሁ። ጀርመንም ቢሆን አነሣለት ነበር። ከባንዳም ባንዳው እኔ ነኝ፣ ጋስቶን። አንተ እንኳ መተኮስ አስበሃል።"

ዕድሜዬን ሙሉ የሰማሁት ታሪክ ነው፤ ይህችን ግን ሰምቼያት አላውቅም። እንባዬ መጣ። እኔስ ስንት ጊዜ ስቄባቸዋለሁ።

ሙሴ ጋስቶን ከረጢቱን ከማጅራታቸው ላይ አነሣላቸው። ጋሼ በድሉ "ይቅር ለእግዚአብሔር በል" ሲሉት ቃሉን እየሰባበረ አለ። ከዚያ ካቦርቱን ሳይደርብ ከረጢቱን ይዞ ወደ ደጅ ወጣ። ተከትለነው ስንወጣ አፉን ቀዶ አሸዋውን እላይ ካለው ደረጃ ጀምሮ እፍኝ እፍኝ ይበትናል። ምን እያደረግክ ነው ብዬ በእንግሊዝኛ ጠየቅኩት።

"ነገ ጠዋት ይዞኝ ወደ ዶናት ቤት ሊሄድ ይመጣል" አለኝ። "እንዳይወድቅብኝ።"