ፊት የሌለበት የእናቴ ሥዕል

ልጅ እያለሁ የእናቴን ፊት አላውቀውም ነበር። የሞተችው ጡት ሳልጥል ነው። ያን ጊዜ እኛ መንደር ፎቶ የሚያነሳ አልነበረም፤ እሷም መሐል ሜዳ ከተማ ወጥታ አልተነሳችም። ጎረቤት ስጠይቅ አንዷ "ቀይ ነበረች" ትለኛለች፤ ሌላዋ "ኧረ ጠይም ናት!" ትላለች። በታላቅ እህቴ በአስካለ እቀና ነበር፤ እሷ እናታችንን ታስታውሳለች።

አስካለ አዲስ አበባ ሥዕል ትማር ነበርና አንድ ክረምት ሸራና ቀለም ይዛ መጣች። "የእማዬን ፊት ሳዪልኝ" ብዬ አላስቀምጥ አልኳት። ሞከረች። በከሰል ትጀምራለች፣ ትደመስሳለች፣ ወረቀቱን ትቀድዳለች። በመጨረሻ እንባዋ መጣ።

"ጠፋችኝ" አለች። "የሌላ ሰው ፊት እየሆነብኝ ነው።"

ከዚያ አባቴን የሳጥኑን ቁልፍ ጠየቀቻቸው። የእናቴ ዕቃ እዚያ ተቆልፎበት ነበር። አባቴ ወደ እትዬ ዘነበች አዩ። እትዬ ዘነበች እኔ ገና ዳዴ ስል ያገቧት፣ ያሳደገችን እንጀራ እናታችን ናት።

"ይስጧት እንጂ" አለች ገብሱን እየለቀመች። "ልጆቹ እናታቸውን ቢፈልጉ ምን ነውር አለው?"

ሳጥኑ ሲከፈት የበግ ጠጉርና የአሪቲ ሽታ ወጣ። አስካለ ዕቃውን መደቡ ላይ አስቀመጠች፤ እናቴ ለብርድ ትደርበው የነበረውን፣ ጠርዙ በቀይ ክር የተዘመዘመውን ባና፣ የግራው ተረከዝ ያለቀ የፕላስቲክ ጫማ፣ ፈትሉ ያላለቀ እንዝርት። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፤ ቤቱ የዘይት ቀለምና የኩበት ጭስ ይሸታል። እህቴ ዕቃዎቹን ስትስል እትዬ ዘነበች ዶሮዎቹን ከመደቡ እያባረረች ሰነበተች።

ሥዕሉ ሲያልቅ ጎረቤታችን እማማ ደብሪቱ ወንፊት ሊዋሱ መጡ። ከበሩ አላለፉም።

"አልጣሽ!" ብለው የእናቴን ስም ጠሩና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። "ይኸው ጫማዋ! ግራ እግሯን አነከስ ያደርጋት ነበር እኮ። ያን ፈትል ሳትጨርሺው ሄድሽ!"

ስለ እናቴ አረማመድ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ሥዕሉን ባየሁ ቁጥር አሁን ተነስታ ወደ ደጅ የወጣች ይመስለኝ ጀመር።

አመሻሹ ላይ ግን አባቴ ሥዕሉን አንስተው ወደ ሳጥኑ ሄዱ። "ዘነበች ቅር እንዳይላት" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። እሷ ሰምታለች። ተነስታ ወጣች። የተቀየመች መሰለኝ። ስትመለስ ምስማርና ድንጋይ ይዛለች።

"የት ጋ ልምታው?"

"ኧረ ዘነበች፣ ግዴለም" አሉ አባቴ።

"እኔ አልወለድኩም። እሷ ባትወልድ እነዚህን ልጆች ከየት አገኝ ነበር?"

ምስማሩን ራሷ፣ ከመግቢያው ትይዩ፣ መታችው።

አሁን አባቴም የሉም። የልጆቼ ስልክ በፎቶ ተሞልቷል፤ እትዬን ስትስቅም ስታንቀላፋም ያነሷታል፣ ከዚያ ይረሱታል። እኔ በእነሱ ዕድሜ አንዲት ብጣሽ ፎቶ እንዴት እንደተመኘሁ ባወራቸው ተረት ይመስላቸዋል። ባለፈው ገና አስካለ እትዬን ልትስላት መጣች። እንደ ልማዷ የእትዬን ምርኩዝና መነፅር ስትሰበስብ እትዬ ከአልጋዋ ቀና ብላ ሳቀች።

"ዕቃዬን ተይው ልጄ። እኔ ገና አለሁ፤ ፊቴን ሳዪ።"

እናታችንን የፈለግናት ከሄደች በኋላ ነበር። አስካለ የሰበሰበችውን መልሳ አስቀመጠችና ወንበሯን ወደ አልጋው አስጠግታ ተቀመጠች።