ሳይታጠብ ያደረ ብሩሽ

በዚያ ሰፈር በየበሩና በየደረጃው ሥር የተሰቀለ ትእዛዝ ሁሉ ከአንድ ሰው እጅ ነው የወጣው። መታወቂያ ማሳየት፣ ተራ መጠበቅ፣ ስልክ ማጥፋት፣ ዝም ማለት፤ ሰው የሚታዘዘውን ሁሉ በቀለም ጽፎ ያቆመው እሱ ነው። ሰፈርተኛው ስሙን ትቶ «ግድ ነው» ይለዋል። እሱም ለምዶት ስልክ ሲያነሣ ሳይቀር «አቤት፣ ግድ ነው ነኝ» ይላል።

ሥራውን አክባሪ ነበር፣ ይህን አልነፍገውም። ደንበኛ መጥቶ መታወቂያ ያስፈልጋል ብለህ ጻፍልኝ ሲለው ዝም ብሎ ብሩሽ አያነሣም። ሰሌዳውን በስንዝር ይለካል፣ ከዚያ ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ ያየዋል። «ያስፈልጋል» ለስላሳ ነው፣ የሌለው ሰው ቆሞ ይለምንሃል ይለዋል። «ግዴታ ነው» ካልክ ለማኝ የለም፣ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ለሐኪም ቤት «እንዲያሟሉ በትሕትና እንጠይቃለን» ይሻላል፣ በታመመ ሰው ላይ አይጮኽም። ሰሌዳው ከጠበበና ደንበኛው ከቸኮለ ግን «የግድ» ብሎ ይገላገላል። አጭር ነው፣ ከሩቅ ይነበባል፣ ቀለም አይፈጅም።

ሥዕሉን የሚሠራው ታናሽ ወንድሙ ነበር። ጢም አውጥቶ፣ አግብቶም ማሙሽ እንደተባለ የቀረ ሰው ነው። ለጥርስ ሐኪሙ ጥርስ፣ ለፀጉር አስተካካዩ መቀስ ይሥላል። አንዴ ለሥጋ ቤት የሣለው በሬ አስተያየቱ ሆድ የሚያባባ ሆኖ ባለቤቱ በንዴት አስጠፍቶታል። ከሁሉ የሚወደው ግን ወፍ ነበር። ማንም ሳያዘው በሰሌዳው ጥግ ትንሽ ወፍ ያስቀምጣል።

በሱቃቸው አንድ ልማድ ነበር፤ ቀድሞ የጨረሰ የሁለቱንም ብሩሽ በቤንዚን ያጥባል። ቀለም ይዞ ያደረ ብሩሽ ፀጉሩ ይደርቃል፣ ከዚያ በኋላ ለምንም አይሆንም። ቀድሞ የሚጨርሰው ሁልጊዜ ማሙሽ ስለነበረ አጣቢውም እሱ ነበር። ታላቅየው ይህን ከቁም ነገር ቆጥሮት አያውቅም። ጠዋት መጥቶ ለስላሳ ብሩሽ ያነሣል፣ አለቀ።

ኋላ ከጎናቸው ማተሚያ ቤት ተከፈተ። ሰው ሥዕሉን እዚያ እያሳተመ ጽሑፉን ብቻ ያስጽፍ ጀመር። ግድ ነው ጨነቀው፣ ጭንቀቱም ነጭናጫ አደረገው። በዚህ መሐል ነው አንድ የመጋዘን ኃላፊ ያዘዘውን ሰሌዳ ሊወስድ መጥቶ ጥግ ላይ ያለችውን ወፍ አይቶ ፊቱን ያጠቆረው። ይቺን ማን ጠየቃችሁ አለ።

ግድ ነው ወደ ወንድሙ ዞሮ፣ «ከእንግዲህ አታስፈልገኝም» አለው።

ለሰው በር ቃል ሲመርጥ የሚጨነቅ ሰው፣ ለገዛ ወንድሙ ሲሆን ሰሌዳ የጠበበው ይመስል አጭሩን መዘዘ። ሥራ እስኪሞቅ ሌላ ነገር ሞክር ማለት ይቻል ነበር። ሱቁ ለሁለታችን አልበቃ አለ ማለትም ይቻል ነበር። ምን ችኮላ ነበረበት?

ማሙሽ ቤንዚን ቀዳ፣ የራሱን ብሩሾች አጠበ፣ ቀጥሎ የወንድሙን አጠበ፣ በጨርቅ አድርቆ በየጣሳቸው አቆማቸውና ወጣ። ሳያጥብ ጥሎ ቢሄድ፣ ቢሰድበው፣ ጣሳውን ቢደፋው ኖሮ ግድ ነው ይተኛ ነበር።

ዓመታት አለፉ። ባለቤቱ ሂድና ታረቅ እያለች ስትወተውተው ታናሽ ነው መምጣት ያለበት ይላታል። አንድ ቀን ምሳ ላይ «እኔ ግዴታ አለብኝ?» ሲላት፣ «ግዴታማ የለብህም» ብላ ሳህኗን አንሥታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ አላነሣችበትም፤ ዝምታዋ ከውትወታው ባሰበት። ብሩሽ ማጠብም አልሆነለት ብሎ በየጊዜው የደረቀ ይጥላል።

አንድ ጠዋት የሕፃናት ሐኪም ቤት ኃላፊ መጣች። ልጆቹ በር ላይ ሲደርሱ ያለቅሳሉ፣ መጋዘኑ ሰሌዳ ላይ ሳትጠፋ የቀረችውን የመሰለች ወፍ በእጅ አስሥልልኝ አለችው። የታተመው ፀሐይ ሲመታው ይነጣል፣ ያቺ ግን እስከ ዛሬ አልደበዘዘችም። ግድ ነው ወንድሙ ዘንድ የሚሄድበት ምክንያት አገኘ። ባዶ እጁን መሄድ አፍሮ ገና ያልጣላቸውን የደረቁ ብሩሾች በላስቲክ ጠቅልሎ ማሙሽ ቤት ሄደ። መንገዱን ሙሉ የሚለውን ሲመርጥ፣ ሲጥል፣ እንደገና ሲመርጥ ነበር።

የወንድሙ ሚስት በሩን ከፍታ «ውይ፣ ጋሼ» ብላ አፏን ያዘች። ማሙሽ መስኮት አጠገብ ተቀምጧል። የሚስቱን ድምፅ ሲሰማ ፊቱን አዞረ፣ ግን ያዞረው ወደ እሱ ሳይሆን በጎኑ ወዳለው ግድግዳ ነበር። ግድ ነው ቆሞ ቀረ። ሴትዮዋ ቀስ ብላ ነገረችው፤ ዓይኑ ከውስጥ ሲሞት ቆይቷል፣ ሐኪሞቹ የጠፋው አይመለስም ብለዋል። ለሱ እንዳትነግሪ ብሎ አስምሎኝ ነበር አለች።

ስለ ወፏ ማንሣቱን ተወው።

«ምን ይዘህ ነው የመጣኸው፣ ጋሼ? ቀለም ይሸተኛል» አለ ማሙሽ።

«ብሩሽ። ማጠብ አቅቶኝ።»

ማሙሽ እጁን ዘረጋ። አንዱን ተቀብሎ ፀጉሩን በአውራ ጣቱ እየዳበሰ ሊለያየው ሞከረ። እንጨት ሆኗል።

«ይሄማ በዕለቱ መታጠብ ነበረበት» አለ።

ግድ ነው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። መንገድ ላይ የመረጠው ሁሉ ጠፋበት። «ማሙሽዬ፣ ታስፈልገኝ ነበር» አለ። «ያኔም ታስፈልገኝ ነበር።»

ወንድሙ ብሩሹን መልሶ ሊሰጠው እጁን ቢዘረጋ አልደረሰለትም። ግድ ነው ጠጋ ብሎ ተቀበለው።

«አውቃለሁ» አለ ማሙሽ። «አንድ ቀን ትለኛለህ ብዬ፣ ዓይኔ እስካየ ድረስ በር በሩን ሳይ ነበር።»