የፍሬን ዘይትና የእናቴ መርዶ

እናታችንን ጎንደር ላይ በቀበርን ማግስት፣ ታላቅ እህቴን ጥሩወርቅን እንዳመጣት ሽማግሌዎች እኔን መረጡኝ። እህቴ ከሊማሊሞ ቁልቁለት ግርጌ፣ ድብ ባሕር ላይ አስተማሪ ናት። ዘመኑ ደርግ ነው፤ አውቶቡሶቹ ወታደር ለማመላለስ ተወስደዋል። እኔ የእንስሳት ጤና ረዳት ስለነበርኩ የመሥሪያ ቤት ሞተር ብስክሌት በእጄ ነበር።

«ሳትነግራት ይዘሃት ና» አሉኝ። «እናትሽ ታማለች ብቻ በላት። መርዶውን ቤት ስትደርስ እኛ እናረዳታለን።»

ጎንደር፣ ጠዋት

ሞተሩን ሳወጣ የፊት ፍሬኑ እጀታ ምንም ሳይከብደኝ እስከ መሪው ድረስ ገባ። የፍሬን ዘይቱን ክዳን ብከፍት ዘይቱ ጠቁሮ ጎድሏል። በዚህ ሊማሊሞን መውረድ አይታሰብም።

ፒያሳ መጀመሪያ ያገኘሁት ባለሱቅ የሞተር ዘይት አቀረበልኝ። «ዘይት ያው ዘይት ነው» አለ። የሞተር ዘይት የፍሬኑን የውስጥ ላስቲኮች አሳብጦ እንደሚያበላሽ ስለማውቅ ትቼው ወጣሁ። ከዚያ ከአባታቸው በወረሱት ሱቅ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጡት ወደ ሐጂ ኑሩ ሄድኩ።

«ያለኝ ይኸው ነው» ብለው አንድ ጣሳ አሳዩኝ። «ግን ክረምቱን ሙሉ ተከፍቶ የከረመ ነው።»

የሞተሬ የፍሬን ዘይት ክዳን ላይ የተቀረጸውን ነገርኳቸው። ዶት 3 የሚባለውን የፍሬን ዘይት ዓይነት፣ ያውም ከታሸገ ጣሳ ብቻ ተጠቀም ይላል።

«እውነት ነው። ከተከፈተ እርጥበት ይስባል። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ውሃው ይፈላና እጀታው ባዶ ይሆንብሃል። ወዴት ነህ ለመሆኑ?»

«ድብ ባሕር።»

«በዚህ ጊዜ? ምን የሚያጣድፍ ነገር ተገኘ?»

ለሥራ ነው ልል ብዬ ተውኩት። «እናቴ ዐርፋብኝ እህቴን ላመጣ ነው» አልኳቸው።

ሐጂ ወደ ጓዳ ገቡና ለገዛ መኪናቸው ያስቀመጡትን የታሸገ ጣሳ ይዘው ወጡ። የተጻፈበትን አየሁት፤ ዶት 3 ነው። አሮጌውን ዘይት አፍስሰን አዲሱን ሞላን። እሳቸው እጀታውን ሲጨብጡ እኔ ከታች የአየር ማስወጫዋን ብሎን እየፈታሁና እያጠበቅሁ፣ የአየር አረፋው እስኪያልቅ ደጋገምነው። በመጨረሻ እጀታው ጠንከር አለ።

«አላህ ጽናቱን ይስጣችሁ» ብለው ሸኙኝ።

ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ሊማሊሞ

አምባ ጊዮርጊስ የገበያ ቀን ነበር። ገብስ የጫኑ አህዮች መንገዱን ሞልተውት በመካከላቸው በቀስታ አለፍኩ። ኬላው ላይ አንድ ታጣቂ የይለፍ ወረቀቴን ገልብጦ አየና «ለምን ጉዳይ ነው?» አለኝ። «ለቤተሰብ» አልኩት። ፊቴን አይቶ መለሰልኝ። ዳባት ላይ ሽሮ ቀማምሼ ተነሣሁ። ከዚያ ወዲያ ነፋሱ ጣቶቼን እያደነዘዘ ደባርቅ አደረሰኝ።

ሊማሊሞ ላይ መንገዱ ገደሉን ታክኮ ይጠማዘዛል። አንዱ ኩርባ ላይ ወታደር የጫነ ትልቅ መኪና ድንገት ፊቴ ድቅን አለ። እጀታውን ጨበጥኩት፤ ሞተሩ ከገደሉ አፋፍ ጥቂት ሲቀረው ቀጥ አለ።

«ምነው ወንድሜ፣ ነፍስህን አትፈልጋትም?» ብሎ ሹፌሩ ጮኸብኝና አለፈ።

ከሞተሩ ወርጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። በቀብሩ ቀን ያልወጣልኝን እንባ እዚያ አለቀስኩ። ስጨርስ ከገደሉ በሚንጠባጠበው ውሃ ፊቴን ታጥቤ ወረድኩ።

ድብ ባሕር

ጥሩወርቅ የሞተሩን ድምፅ ሰምታ ከቤት ወጣች። የቤቷ አከራይ አያ ሙላትም ተከትለዋት ወጡ። እናታችን መታመሟን ነገርኳት። «ክፉኛ ነው?» ስትለኝ «ጠና ብሎባታል» አልኩና ወሬ ለማስቀየር ስለ መንገዱ ማውራት ጀመርኩ። ስለ ሁለቱ ባለሱቆች፣ ስለ ጣሳው፣ ስለ አረፋው ሳላቆም ለፈለፍኩ።

«ሐጂ ኑሩ ለመኪናቸው ያስቀመጡትን ነው የሰጡኝ» አልኳት።

አየችኝ። «በዚህ ጊዜ የታሸገ ዘይት ከየት ይገኛል? ምን ብለሃቸው ሰጡህ?»

አጎንብሼ የሞተሩን ጎማ መነካካት ጀመርኩ።

«ወንድሜ፣ እናቴ አለች?»

የተባልኩት ቃል አፌ ላይ ነበር። ዓይኗን እያየሁ ግን ማለት አልቻልኩም። «የለችም እታለም» አልኩ። «ትናንት ቀበርናት።»

ጩኸቷን ሰምቶ ጎረቤቱ ተሰበሰበ። አያ ሙላት ወገቧን ደግፈው አስቀመጧት፤ ሰዎቹም እስኪነጋ አብረውን አለቀሱ።

መልስ

በማግስቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከኋላዬ ተቀመጠች። ሊማሊሞን ስንወጣ ግንባሯን ጀርባዬ ላይ አድርጋ ታለቅስ ነበር። ከደባርቅ ወዲህ ስለ እናታችን እያወራችልኝ መጣች፤ ቀብሩን ጠየቀችኝ፣ ማን እንዳጠባት፣ ማን እንደገነዛት። የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት።

ድንኳኑ ጋ ስንደርስ ሽማግሌዎቹ ሊያረዷት ተነሡ። ነጠላዋን አይተው ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አልንህ አንተ? መንገድ ላይ ብትወድቅስ?» ብለው ተቆጡኝ።

«እሱን አትቆጡት» አለች ጥሩወርቅ። «ባይነግረኝ ኖሮ ያን ሁሉ መንገድ ማርልኝ እያልኩ ነበር የምመጣው። ለተቀበረች ሰው!»

አንዱ ሽማግሌ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁላት።

ከዚያ በኋላም ለመርዶ ብዙ ጊዜ ተልኬያለሁ። «ታሟል በል» የሚለኝ ሰው ካለ ግን ሌላ ሰው እንዲፈልግ እነግረዋለሁ።