የመኪና ማቆሚያው ኮንሰርት

ከባንዱ ጋር የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ላስ ቬጋስ ጥግ ስፕሪንግ ቫሊ፣ አንድ መኖሪያ ቤት የመኪና ጋራዥ ውስጥ ነበር። ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ 2020 ነው፤ ሃያ ዓመት በድምፅ ቴክኒሻንነት ያገለገልኩበት ሆቴል በወረርሽኙ ተዘግቶ ቤቴ ተቀምጫለሁ። የጠራችኝ የጓደኛዬ ልጅ ሄለን ናት፤ እዚሁ ቬጋስ ተወልዳ ያደገች፣ ኢንዲ ሮክ የሚጫወት ባንድ ድራመር።

«ጋሼ ከማል፣ ሳውንድ የሚሠራልን ሰውዬ ኩዊት አደረገ። እርስዎ ሄልፕ አድርገኝ» አለችኝ። እርስዎንና አንተን እንዲህ ስታደባልቅ ሁሌም ታስቀኛለች።

ስደርስ አራቱም የባንዱ አባላት ተኮራርፈው ተቀምጠዋል። ሰባት ዓመት አብረው ተጫውተዋል፤ አሁን መድረኩ ሁሉ ዝግ ነው። ጊታሪስቱ ወደ ወላጆቹ ከተማ ሊመለስ ዕቃውን ሸክፏል። ዘፋኙ ኮል ቁርጡን ነገረኝ፦ «አንድ ሾው ቀርቶናል። እሱ ካልተሳካ ባንዱ ይፈርሳል።»

ሾው የተባለው አሊያንቴ ሆቴል አጠገብ ባለ የመኪና ማቆሚያ፣ እሑድ ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ነው። ሕዝቡ ከመኪናው አይወርድም። ሙዚቃውን በትንሽ ማሰራጫ በኤፍኤም እንልካለን፣ እነሱ በመኪናቸው ሬዲዮ ይሰማሉ። ለሁላችንም አዲስ ነገር ቢሆንም እኔ ልምዴን ተማምኜ ደረቴን ነፋሁ።

የመጀመሪያው ዘፈን አለቀ። ዝም። ሁለተኛውም አለቀ። ይባስ ብሎ ከኋላ ሁለት መኪኖች ተነስተው ወጡ። ኮል ዞሮ አየኝ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

ማዳመጫዬን አውልቄ ወደ አሮጌዋ መኪናዬ ሮጥኩ። መስኮቱን ዘጋሁ፣ ኤሲውንና ሬዲዮውን ከፈትኩ። ጉድ ነው! ቤዙ በሩን ያንቀጠቅጣል፣ የኮል ድምፅ ግን የለም። እኔ ብልጡ፣ ለሆቴል አዳራሽ የማደርገውን ሁሉ ለመኪና ሬዲዮ አድርጌለት ነበር። እፍረት በላብ አጠመቀኝ።

የድምፅ ማደባለቂያው ሚክሰር በታብሌት ስለሚታዘዝ እዚያው መሪው ጋ ተቀምጬ ቤዙን ቀነስኩ፣ ድራሙን አለዘብኩ፣ የኮልን ድምፅ ወደ ፊት አመጣሁ። በጆሮ ማዳመጫዋ በኩል ለሄለን «ጥፋቱ የኔ ነው። አሁን ተስተካክሏል፣ ቀጥሉ» አልኳት።

«ሹር ነህ ጋሼ?»

«ሹር ነኝ፣ ምቺው!»

ሦስተኛው ዘፈን ሲያልቅ አንድ ክላክስ ጮኸ። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ ማቆሚያው በሙሉ በክላክስ ተናወጠ። ኮል መንገድ የዘጋ መስሎት ደነገጠ፤ ጭብጨባ መሆኑ ሲገባው ተንበረከከ። እኔም ክላክሴን እያስጮህኩ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ጊታሪስቱ ዕቃውን ፈታ። ሌሎች ማቆሚያዎችም ጠሩን፣ እሑድ እሑድ ተጫወትን። በ2021 አዳራሾች ሲከፈቱ የባንዱ ስም ብቻውን ፖስተር ላይ ወጣ፣ ቲኬቱም ተሸጦ አለቀ። ያን ዕለት ሾው ሳይጀመር ከፊተኛው ረድፍ እስከ መጨረሻው ጥግ እየተዘዋወርኩ ስቀመጥ የአዳራሹ የድምፅ ኃላፊ ግራ ገባው።

«ሚክሰሩ እዚህ ነው፣ የት ትሄዳለህ?»

«ቲኬት የገዙት የሚቀመጡት እዚያ ነው» አልኩት።

ድምፅ የሚሠራ ሰው ከሁሉ በፊት የአድማጩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይስማ። እኔ ዘግይቼ ተማርኩት፤ ባንዱ ግን ከነሙሉ አባላቱ ዛሬም ይጫወታል።