ወንዙ ዳር ያስቀመጥኩት ድንጋይ

ሥራ ልጠይቅ የሄድኩ ቀን ጋሽ ተፈራ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቁኝ። ጋሽ ተፈራ የአስጎብኚ ድርጅቱ የስምሪት ኃላፊ ነበሩ። የቱ መኪና ከየትኛው ሾፌር ጋር የት እንደሚወጣ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። መንጃ ፈቃዴን ገልጠው እንኳ አላዩም።

«በረሃ ላይ ወንዝ ሞልቶ ብታገኝ ምን ታደርጋለህ?»

«ፎር ዊል አስገብቼ እሻገራለሁ» አልኩ። ያኔ ጎረምሳ ነኝ። አብነት ጎሚስታ ቤት ጎማ ስፈታ ስለኖርኩ የማልችለው ነገር ያለ አይመስለኝም።

«በል ወደ ጎማህ ተመለስ» አሉኝ።

አልተመለስኩም። እስከ ምሳ ሰዓት በራቸው ላይ ቆምኩ። ሲወጡ «እሺ፣ ምን ማድረግ ነበረብኝ?» አልኳቸው።

ሳቁ። «አንተ ደረቅ ነህ። ስማ እንግዲህ። ሞተር ታጠፋለህ። ውሃው ጠርዝ ላይ ድንጋይ ታስቀምጣለህ። ቁጭ ብለህ ድንጋዩን ታያለህ። ውሃው ከድንጋዩ አንድ ክንድ ሲሸሽ ያኔ ትሻገራለህ። የበረሃ ወንዝ ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎ ይጎድላል።»

በማግስቱ ቁልፍ ሰጡኝ።

ከሠላሳ ዓመት በላይ አፋር ተመላለስኩ። ጨው ሜዳው፣ ቢጫው ድኝ የሚፈላበት፣ ከተራራው አናት እሳቱ የሚንተከተክበት ቦታ ሁሉ መንገዴ ነበር። አሸዋ ላይ ስደርስ ወርጄ የአራቱንም ጎማ ነፋስ እቀንሳለሁ። ነፋስ ሲቀነስለት ጎማ እንደ ግመል ኮቴ ይሰፋል፣ አይሰምጥም። መለኪያ ነበረኝ፤ ግን በአውራ ጣቴ ተጭኜ ነው የማውቀው። ወጣት ሾፌሮች ይስቁብኝ ነበር። ሲሰምጡ ግን የሚጠሩት እኔን ነው።

ከደንበኞቼ ሁሉ የማልረሳት ዶክተር ጉድሩንን ነው። የእሳተ ገሞራ ተመራማሪ ናት። በየዓመቱ ትመጣለች፤ አማርኛ የለመደችውም መኪናዬ ውስጥ ነው። እኔ እርስዎ ስላት «አንቺ በሉኝ፤ አሮጊት አያድርጉኝ» አለችኝ። እሷ ግን እኔን አንተ ብላኝ አታውቅም።

አንድ ጊዜ ከእሳቱ ስንመለስ አንድ ወንዝ ላይ ደረስን። ውሃው ከጉልበት በታች ነው፤ ግን ደፍርሷል፣ ገለባም ይዟል። ሞተር አጠፋሁ። ድንጋዬን አስቀመጥኩ።

«ጋሼ ሰይድ፣ ሰማዩ እኮ ንጹሕ ነው! አውሮፕላን ያመልጠኛል!»

«ላይ አገር ዘንቧል። ቁጭ በይ።»

በአገሯ ቋንቋ ተሳደበች። ስድብ መሆኑን ለማወቅ ትርጉም አያስፈልግም። ትንሽ ቆይቶ ውሃው መጣ። አንድ ሙሉ ግራር ከነሥሩ እያንከባለለ በፊታችን አለፈ። ዶክተር ተነስታ ቆመችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። አመሻሽ ላይ ውሃው ከድንጋዬ ሲሸሽ ተሻገርን። አውሮፕላኑ አመለጣት።

መንገድ ላይ «ከዛሬ ጀምሮ ወንዝ ላይ እርስዎ ያሉት ይሆናል» አለችኝ። ያኔ ደስ አለኝ። በኋላ ሁለታችንንም ችግር ላይ የጣለን ይኸው ቃል ነው።

ስኳር ያዘኝና ጡረታ ወጣሁ። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን እወጋለሁ። አንድ ረመዳን ሐኪሙ አትጹም ሲለኝ እኔ አውቃለሁ ብዬ ጾምኩ፣ መርፌውንም ተውኩት። የነቃሁት ሆስፒታል አልጋ ላይ ነው። ባለቤቴ ዘሃራ ከዚያ ወዲህ አንድ መርፌ እንዳልዘል አስምላኛለች።

ልደታ ኮንዶሚኒየም ደረጃው ሥር ቁጭ ብዬ የሰው መኪና አቋቋም ስተች ነው ዶክተር የደወለችው። «እርስዎ እሳትዎን አሳይተውኛል። አሁን እኔ የኔን ላሳይዎ። ትኬቱን ልኬያለሁ» አለች።

«አገሯ ደሴት ነው አሉ፤ ወደ ሰሜን ጫፍ» አልኳት ዘሃራን። «ከሥር እሳት፣ ከላይ በረዶ።»

«ታዲያ ሰዎቹ የሚኖሩት የት ነው?»

«መሃሉ ላይ ይሆናላ።»

መርፌዬን በትንሽ ቦርሳ አድርጋ ሰጠችኝ። «ይቺ ቦርሳ ከአንተ እንዳትለይ። መሐላህን አትርሳ።»

ስደርስ የገረመኝ ሽታው ነው። የእንግዳ ማረፊያው ሙቅ ውሃ ድኝ ድኝ ይላል። አፋር የተመለስኩ መሰለኝ። የሚፈላውን ውሃ ከመሬት ስበው በቧንቧ ቤታቸውን ያሞቁበታል። አንዲት ሴትዮ የዳቦ ሊጥ በቆርቆሮ አድርጋ ሙቅ መሬት ውስጥ ስትቀብር አየሁ። በማግስቱ ቆፍራ አወጣችው፤ በስሎ። «እኛ አገር ይህን የሚያህል እሳት እያለ አንድ ዳቦ አልጋገርንበትም» አልኳት ዶክተርን።

አሸዋው እንደ ከሰል ጥቁር ነው። የቀዘቀዘው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የአፋሩ ዓይነት ነው፤ የእነሱ ግን አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት አብቅሏል። ስረግጠው እንደ ፍራሽ ሰመጠ። ዶክተር «አይርገጡ! ይህ ለማደግ የሰው ዕድሜ ይፈጅበታል» ብላ ጮኸችብኝ። በድንጋይ ላይ መሄድ ስከለከል የመጀመሪያዬ ነው። ፏፏቴው፣ ከሩቅ ተራራውን የጋረደው በረዶ፣ ሁሉም ልክ የለውም። ፀሐይዋ ደግሞ አልጠልቅም ብላ መግሪብን መቼ እንደምሰግድ ግራ ገባኝ። ዘሃራ ጋ ደውዬ በአዲስ አበባ ሰዓት ሰገድኩ።

የዶክተር መኪና ጎማው ደረቴ ይደርሳል። ለበረዶው ነፋሱን ስትቀንስ አየሁና በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። «ትንሽ ቀንሺለት» አልኳት። በመለኪያዋ አየችው፤ ሳቀችና ቀነሰች።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት በረዶው ሥር ያለ እንፋሎት የሚወጣበት ኮረብታ ልናይ ወጣን። መንገድ ላይ ሰፊ ወንዝ አለ። ውሃው የጎማችንን ግማሽ እንኳን አልነካም፤ በቀላሉ ተሻገርን። ኮረብታው ላይ እንደ ልጅ ስዞር ዋልኩ። ቀይ ጭቃ ይፈላል፤ አንድ ክንድ አልፎ በረዶ ተቆልሏል። አንድ እጄን እንፋሎቱ ላይ፣ አንዱን በረዶው ላይ አድርጌ ቆምኩ። ዶክተር ፎቶ አነሳችኝ።

ስንመለስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ወንዙ ከጠዋቱ ትንሽ ከፍ ብሏል። መልኩ እንደ ሲሚንቶ ውሃ ነው።

«አሁኑኑ እንለፍ» አለች ዶክተር። «ጋሼ ሰይድ፣ የእኛ ወንዝ ከሰዓት...»

«ደፍርሷል እኮ! ሞልቶ እየመጣ ነው። ሞተር አጥፊ።»

«ሁልጊዜም እንዲህ ነው። በረዶው ድንጋዩን እየፈጨ...»

«ወንዝ ወንዝ ነው፣ ዶክተር። የተባባልነውን ረሳሽ?»

አየችኝ። ሞተሩንም አጠፋች። ወርጄ የጭንቅላት ያህል ጥቁር ድንጋይ ውሃው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ ቁጭ አልን።

ከአንድ ሰዓት በኋላ የድንጋዩ እግር ረጠበ። «ይጎድላል» አልኩ። በሁለተኛው ሰዓት ወገቡ ላይ ደረሰ። «ከዚህ አያልፍም» አልኩ። አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ድንጋዬ ጠፋ። ውሃው በላዩ ያልፋል። በዕድሜዬ ሁለት ሰዓት ጠብቄ ድንጋዬን ወንዝ ሲውጠው አይቼ አላውቅም።

«አሁንስ ልናገር?» አለች ዶክተር።

«ተናገሪ።»

«ይህ ውሃ የዝናብ አይደለም። የበረዶ ነው። ፀሐይ ስትሞቅ ይቀልጣል፣ እስከ ማታ ይሞላል። የሚጎድለው ንጋት ላይ ነው። ብስኩት አለን፣ ብርድ ልብስ አለን። እዚሁ እናድራለን። ችግር የለም።»

ችግር ነበር። እጄን ኪሴ ከተትኩ። ቦርሳዋ የለችም። ጠዋት እንግዳ ማረፊያው ፍሪጅ ውስጥ ትቻት ነው የወጣሁት። ለማታ እንመለሳለን ብዬ።

መናገር አፈርኩ። አንድ ሌሊት ምን ያደርገኛል አልኩ በልቤ። ቆይቶ ግን አፌ እየደረቀ መጣ። ውሃ ጠጣሁ፣ ደግሜ ጠጣሁ፤ ሽንቴ ሰላም ነሣኝ። በዚያ ረመዳን የጀመረኝም እንዲሁ ነበር። የዘሃራ ፊት መጣብኝ።

«ዶክተር፣ መርፌዬን ማዶ ትቻታለሁ።»

ፊቷ ነጣ። «የስኳሩን? እና ሁለት ሰዓት ሙሉ ድንጋይ ሲያዩ ቁጭ ይላሉ?»

«ይጎድላል ብዬ ነዋ።»

የመኪናውን ሬዲዮ አንስታ በቋንቋቸው ቶሎ ቶሎ አወራች። ቦርሳዬን እንዲያመጣ የጠራችው የእንግዳ ማረፊያውን ባለቤት ነው፤ ገበሬ ነው፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ሽማግሌ። ቀዩ ትራክተሩ ከማዶ እስኪታይ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። ፀሐይ ገና እላያችን ላይ ነበረች።

ሽማግሌው ውሃ ዳር ቆመ። ቀጥታ አልገባም። ወደ ላይ ተራመደ፣ ወደ ታች ተመለሰ፣ ውሃው ተዘርግቶ የሚንጫጫበትን፣ ጥልቀት የሌለውን ሰፊ ቦታ መረጠ። እኔ ብሆን ጠባቡንና ጸጥ ያለውን ነበር የምመርጠው። ውሃው ግማሽ ጎማውን እየመታ ቀስ ብሎ ተሻገረ። ቦርሳዬን ከደረቱ ሥር አውጥቶ ሰጠኝ። እዚያው መኪናው ጀርባ ሆዴን ገልጬ ወጋሁ፤ ብስኩቱንም በላሁ።

ከዚያ ሽማግሌው ዶክተርን ጮክ ብሎ ጠየቃት። ጣቱን ወደ ወንዙ፣ ወደ ፀሐይ ቀሰረ። ቋንቋውን ባላውቅም የስምሪት ኃላፊ ቁጣ አውቃለሁ። ዶክተር አንገቷን ደፍታ አጭር መልስ ሰጠች።

«ምን አለሽ?»

«ምንም። እዚህ ያደግሽ ልጅ በስምንት ሰዓት ለምን አልተሻገርሽም አለ። ዘነጋሁ አልኩት።»

«አልዘነጋሽም። እኔ ነኝ ያስቆምኩሽ በይው።»

«ይተዉት፣ ጋሼ ሰይድ።»

«በይው አልኩሽ!»

ነገረችው። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሮ አንድ ነገር ጠየቀ።

«በእርስዎ አገር ወንዝ ሲቆዩት ይጎድላል ወይ ይላል።»

«ይጎድላል» አልኩ። ድንጋዩን፣ ግራሩን፣ ጋሽ ተፈራን ነገርኩት፤ ዶክተር ተረጎመች። ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። ሲሄድ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «እናንተ አገር ብመጣ ቀድሜ የምሞተው እኔ ነኝ አለ» አለችኝ ዶክተር።

መኪናችን ከትራክተሩ ስለሚቀል ውሃው እንዳይወስደን እዚያው አደርን። ንጋት ላይ ስነቃ ወንዙ ወርዷል። ድንጋዬ ደረቅ መሬት ላይ፣ ከውሃው ሦስት ክንድ ርቆ ቁጭ ብሏል። ዶክተር ቁልፉን ዘረጋችልኝ። «ይነዳሉ?»

«አንቺ ንጂ» አልኳት። ጎኗ ቁጭ ብዬ ተሻገርኩ።

ዘሃራ ይህን የምትሰማው ገና ይህ ጽሑፍ ሲነበብላት ነው። ትጮህብኝ።

ለእናንተ እንግዳ ይዛችሁ በየበረሃው ለምትነዱ ወጣት ሾፌሮች የምለው ይህን ነው። የሰው አገር ወንዝ ላይ ስትደርሱ መጀመሪያ እዚያ ያደገውን ሰው ጠይቁ፤ ሲመልስም አስጨርሱት። ድንጋይ ማስቀመጥ ከዚያ በኋላ ነው። መድኃኒት ያለው ሰው መድኃኒቱን ኪሱ ይያዝ።