ከአምስት ዓመት በላይ ያልተነካ

ስቶክሆልም አጠገብ ሱንድቢበሪ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ከአንድ የወሎ ልጅ ጋር በሽርክና የምንሠራበት ቪዲዮ ቤት ነበረን። ሰርግ፣ ክርስትና፣ ኒካህ፣ ምርቃት እንቀርጻለን። ኒካሁ የእሱ፣ ክርስትናው የእኔ ነበር፤ ሥራ ሲደራረብ ግን እሱም ቤተ ክርስቲያን ደጅ ካሜራውን ተሸክሞ ይቆማል፣ እኔም ጫማዬን አውልቄ ኒካህ እገባለሁ። ሰው ይወደን ነበር፤ ያምነን ነበር ብል ይሻላል። ያንን እምነት እኔ ሳላነብ ሳይሆን፣ አንብቤ፣ አስቤበት፣ አንዲት ምልክት በማድረግ አጠፋሁት። ዓመታት አልፈዋል፤ አልቀለለኝም። ይቀለኛል ብዬም አይደለም የምጽፈው።

መጀመሪያ የሰዓቱን ነገር ልናገር። ኤዲት የምናደርግበት ኮምፒውተር በቪዲዮው ጥግ ላይ ቀን ይጽፍ ነበር፤ የፈረንጅ ቀን። ሽማግሌ ደንበኞቻችን አይወዱትም። አንድ አባት የልጅ ልጃቸውን ክርስትና እያዩ ይኼ የማን ዘመን ነው ብለው ሲቆጡ ሰማሁና ነገሩ አንጀቴን በላው። የእኛ ሚሌኒየም ገና መግባቱ ነበር፤ ሁላችንም በዘመን አቆጣጠራችን ደረታችንን የነፋንበት ሰሞን ነው። የኮምፒውተሩን ሰዓት ወደ እኛ ቀን መለስኩትና ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ላይ አስቀመጥኩት። ሁለተኛ ወር ለእሱ ፌብሩዋሪ ነውና ጥቅምት ሠላሳን አያውቃትም፣ ጳጉሜን ጭራሽ አልሰማም አለ፤ በየወሩ መባቻ በእጄ አስተካክለው ነበር። ሰው ጥጉ ላይ የራሱን ዘመን ሲያይ ፊቱ ይፈካል። ባልደረባዬ ስዊድንን ወደ ኋላ ጎተትካት እያለ ያሾፍብኛል፣ እኔም እኮራለሁ። ዛሬ ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ያ ኩራቴ ነው።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የአንድ እናት ልጅ ሰርግ ቀረጽኩ። ሰው ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው። ሄሰልቢ ይኖራሉ፤ ልጃቸውን የሁለት ዓመት ሕፃን ሆኖ ይዘውት መጥተው፣ ሽማግሌዎች መጦሪያ ቤት አልጋ እያነጠፉ ብቻቸውን ነው ያሳደጉት። ስዊድንኛቸው ከሥራቸው ቃላት አያልፍም፤ የመጣላቸውን ደብዳቤ አንዳንዴ እኔ ዘንድ ይዘው እየመጡ ያስነብቡኝ ነበር። በሰርጉ ቀን ልጁ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ፣ ቀና ሲል ደግሞ አፉን ወደ ጆሯቸው አስጠግቶ አንድ ነገር ነገራቸው። ረዘም ያለ ነገር ነው፤ እጃቸውን ይዞ ነው የተናገረው። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ካሜራዬ ከሁለት ክንድ በማይበልጥ ርቀት ላይ ነበር።

ሰርጉ በወጣ በሦስተኛው ወር የልጁ ልብ ተኝቶ ሳለ ቆመ። ሌላ የምለው የለኝም፤ ሐኪሞቹም ከዚህ የበለጠ አላሉም። ሙሽራዋ ቪዲዮውን ማየት እንደማትፈልግ ነግራኝ ወደ ወላጆቿ ከተማ ተመለሰች። ዲቪዲው ገና አልተሠራም ነበር።

ከአርባው በኋላ እማማ ሱቃችን መጡ። ጥቁር ለብሰው፣ ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቪዲዮውን ሊወስዱ የመጡ መስሎኝ ላዘጋጅ ስነሳ በእጃቸው ከለከሉኝ።

«አሁን አትስጠኝ ልጄ። ቤቴ ካለ ቀንም ሌትም አያለሁ፣ እብዳለሁ። ሙት ዓመቱ ይውጣና እመጣለሁ» አሉኝ። «በጆሮዬ የነገረኝን ከእልልታው ብዛት አልሰማሁትም። ያንተ ካሜራ ሰምቶት ይሆናል። እስከዚያ አደራ።»

ይደርሳል እማማ፣ ይሁን አልኳቸው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። አባቴ ጎረቤት ያስቀመጠበትን የሞተ ሰው ካፖርት አሥራ አንድ ዓመት ብል እንዳይበላው እያራገፈ ያኖረ ሰው ነው። እኔም ያንን ቃል ስቀበል የእሱ ልጅ መሆኔን እያሰብኩ ነበር። ካሴቱ ላይ ግን ሌላ ሰርግ ተቀድቶበት ነበር፤ ካሴት ደጋግመን ነበር የምንጠቀመው። ቪዲዮው የቀረው በሁለት ሃርድ ዲስኮች ላይ ብቻ ነው።

የበረዶው ወቅት ሲገባ አንደኛው ዲስክ ሞተ። ጠዋት አብርቼው ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አለና ዝም አለ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ሁለተኛው ከሞተ የእማማን አደራ ምን እመልሳለሁ እያልኩ ዋልኩ። ኢንተርኔት ላይ ፋይል የሚያስቀምጡ ድርጅቶች ያን ጊዜ መብዛት ጀምረዋል፤ ክላውድ የሚለው ቃል ገና ለጆሮ አዲስ ነው። ባለ መስመር ደብተር ገዛሁና ሦስት ሳምንት ሙሉ ድርጅት ሳወዳድር ከረምኩ። ባልደረባዬ ልጅህን ልትድር ነው እንዴ ይለኛል፤ ዘር ማንዘራቸውን ስለምጠይቅ ነው።

አንደኛው ድርጅት ባሕር ማዶ ነው። ብልሽት ቢመጣ ለማን አቤት እላለሁ ብዬ ሰረዝኩት። ሁለተኛው ለትልልቅ መሥሪያ ቤቶች የተሰፋ ነው፤ ለእኛ ሱቅ የዝሆን ኮርቻ ለአህያ ነበር። ሦስተኛው እዚሁ ስቶክሆልም ያለ አነስተኛ ድርጅት ሲሆን ስደውል ሰው አነሳ። ማሽን አይደለም፣ ሰው። ሴትየዋ ጥያቄዬን ሁሉ በትዕግሥት መለሰችልኝ፤ ስለ ሥራችን ጠየቀችኝ፤ ሰርግ መቅረጽ ደስ የሚል ሥራ ነው አለችኝ። በእኛ አገር ሰው ዕቃውን የሚያስቀምጠው በሚያናግረው ሰው ዘንድ ነው። ልቤ እዚያው ወደቀ።

ቅጹን ስሞላ ከታች አንዲት ሣጥን ነበረች። ከአምስት ዓመት በላይ ያልተነካ ፋይል በራሱ እንዲጸዳ እስማማለሁ ትላለች። ምልክት ያደረገ ዋጋው ይቀንስለታል። ሁለት ጊዜ አነበብኳት። ሱቁን ከከፈትን ገና ሦስት ዓመታችን ነው፣ እማማ ደግሞ የጠየቁኝ አንድ ዓመት ብቻ ነው። ምን ይጸዳብኛል? ምልክቱን አደረግሁና ለባልደረባዬ እንደ ብልህ ሰው አስረዳሁት።

ፋይሎቹን ጭኖ ለመጨረስ ሳምንታት ፈጀ። ኮምፒውተሩ በየጊዜው ቀኑ ልክ አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ እኔም አውቃለሁ፣ ዝም በል እያልኩ ቀጥል የሚለውን እጫናለሁ። ቀኑ የማን እንደሆነ እሱ የት ያውቃል ብዬ ነው። ሲያልቅ የቀረውን ዲስክ ለአዲስ ሥራ ባዶ ላደርገው ተነሳሁ። ባልደረባዬ ይኼን ጊዜ ማሾፉን ተወ።

«ተወው፣ ወላሂ ልቤ አልረጋም» አለኝ። «ኖርስቦሪ እኔ ቤት ምድር ቤቱ ፎሮድ፣ የዕቃ ማስቀመጫ፣ አለኝ። እዚያ ልጣለው፣ ቦታ አይፈጅም።»

ሳቅኩበት። የድሮ አልጋና የበረዶ ጫማ የሚታጎርበት መጋዘን አሳየኸኝ እንዴ፣ ክላውድ እያለ አልኩት። ከዚያም እሱ እያየ ዲስኩን ባዶ አደረግሁት። እጄን የያዘኝ አልነበረም፤ እሱም እኔ ተናግሬያለሁ ብሎ ትከሻውን ሰብቆ ወደ ሥራው ዞረ።

በመከር ወራት እማማ ደወሉ። ሙት ዓመቱ ወጥቷል፣ ጥቁር አውልቀዋል፣ ቅዳሜ እመጣለሁ አሉ። ድምፃቸው ከዓመት በፊት ከማውቀው በጣም የጠነከረ ነበር። ሐሙስ ዕለት ቪዲዮውን ላዘጋጅላቸው ድርጅቱ ገጽ ላይ ገባሁ። ሰዓቱን ሳልቀይር በፊት የሠራናቸው ሰርጎች ሁሉ አሉ። ከዚያ ወዲህ የሠራነው ግን አንድም የለም። የማኅደሮቹ ስም አለ፣ ውስጣቸው ባዶ ነው። ገጹን ዘግቼ ከፈትኩት። እንደገና ዘግቼ ከፈትኩት።

ደወልኩ። ያችው ሴትዮ አነሳች፤ ድምጿን አወቅኩት። ፈልጋ ስታበቃ ፋይሎቹ መጨረሻ የተነኩት ሁለት ሺህና ሁለት ሺህ አንድ ዓመት ላይ ስለሆነ፣ በስምምነቱ መሠረት ነሐሴ ላይ መጽዳታቸውን ነገረችኝ። አስቀድሞ ሁለት ሜይል ተልኮልናል፤ ከጸዳም በኋላ ሠላሳ ቀን ተጠብቋል። አሁን የትም የለም። ሜይሎቹን በኋላ አገኘኋቸው፤ በማስታወቂያ መሐል ሳይከፈቱ ተቀምጠዋል። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ሴትየዋን ሁለት ሺህ ማለት እኮ ካቻምና ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ነው እያልኩ እከራከራለሁ። ስዊድንኛዬ ተንተባተበ። እስክጨርስ አዳመጠችኝና በጣም በትሕትና «በየትኛው አቆጣጠር?» አለችኝ።

ስልኩን ዘጋሁት። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፣ የድርጅቱም አልነበረም። እንደዚያ ቀን ሰው ላይ ማሳበብ ያማረኝ ጊዜ የለም፣ የማሳብብበት ግን አጣሁ። ሌሎቹ ሙሽሮች ዲቪዲያቸውን ቤታቸው ወስደዋል፤ የጠፋው የእነሱ አይደለም። በዓለም ላይ ሌላ ግልባጭ ያልነበረው የአንድ ሰው ብቻ ነበር። ባልደረባዬ ነገሩን ሲሰማ ነግሬህ ነበር አላለኝም። እውነቱን ንገራቸው፣ እኔም አብሬህ እቆማለሁ ብቻ አለ። አብረኸኝ አትቁም አልኩት።

ሁለት ቀን ሙሉ ያቺን ቅጽበት ለማስታወስ ስታገል ሰነበትኩ። ኤዲት ሳደርግ አንዴ አልፌባታለሁ። ድምፁን ግን ዝቅ አድርጌ፣ እልልታው ጆሮ ይበሳል ብዬ፣ ዘፈን ጭኜበት ነው ያለፍኩት። የማስታውሰው የከንፈሩን መንቀሳቀስ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ከቀጠሮው ቀድመው ደረሱ። ከሄሰልቢ በምድር ባቡሩ አረንጓዴ መስመር መጥተው፣ ፍሪድሄምስፕላን ላይ ቀይረው፣ መንገድ ሳይጠፋባቸው መምጣታቸውን ደስ እያላቸው ነገሩኝ። ከቦርሳቸው አንድ ነገር አወጡ። አዲስ የጆሮ ማዳመጫ ነው፤ በዚያ ያለ መቀስ በማይከፈተው ጠንካራ ፕላስቲክ እንደታሸገ። ሻጩ ከሁሉ የጠራ ድምፅ ያለው ይኼ ነው እንዳላቸው ነገሩኝ። መቀስ አለህ ልጄ አሉ።

ነገርኳቸው። ሰዓቱን፣ ሣጥኗን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። የተረዱት ግን አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ከፊታቸው አየሁ፤ ከዚያ በላይ ማወቅም አያስፈልጋቸውም። ማዳመጫውን በሁለት እጃቸው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። ከዚያ ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«አንተ ስትሠራው ሰምተኸው አይሆንም?»

እዚህ ላይ ነው የሠራሁትን የሠራሁት። ባዶ እጃቸውን መስደድ አቃተኝ። አዎ እማማ፣ አሁን ትዝ አለኝ አልኳቸው። «‹እማዬ፣ አይዞሽ፣ መቼም አልለይሽም› ነው ያለዎት» አልኩ። ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ ነው ያልኩት፤ ይህንንም አልረሳውም።

ቀና ብለው አዩኝ። ቁጣ የለበትም፤ ቁጣ ቢሆን እንዴት በወደድኩ።

«ልጄ አማርኛ አይናገርም ነበር» አሉኝ። «ይሰማል እንጂ አይመልስም። ዕድሜውን ሙሉ የመለሰልኝ በስዊድንኛ ነው። የነገረኝን ብሰማውም አይገባኝም ነበር እኮ። አንተ ሰምተህ በአማርኛ እንድትነግረኝ ነበር የመጣሁት።»

ሙሽራው በሰርጉ ቀን የት እንደምቆም ያሳየኝ፣ ውሃ ጠጣ ያለኝ፣ ያመሰገነኝ ሁሉ በስዊድንኛ ነበር። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ።

ካፖርታቸውን ደገፍኩላቸው፤ ጣቢያው ድረስ ልሸኝዎት አልኩ። አይ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ አሉ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ ሊያስነብቡኝ መጥተው አያውቁም። አደራ በላ አላሉኝም። ማዳመጫውን ከነማሸጊያው ጠረጴዛዬ ላይ ትተውት ነበር፤ ሮጬ የጣቢያው ደረጃ ላይ ስደርስባቸው አንተ ዘንድ ይቀመጥ አሉኝ።