መሬት ላይ የተቀመጠ ጠብመንጃ

አጎቴ ሰው ሊወቅሱ ሲነሱ አስቀድመው ጠብመንጃቸውን መሬት ላይ ያስቀምጣሉ። «ፈርቶ እንዳይሰማኝ ብዬ ነው» ይሉን ነበር።

ጣሊያንን ለመውጋት ከይጁቤ ጫካ ስንገባ፣ አለቃችንን መርጠው ያስሾሙት እሳቸው ነበሩ። ኋላ ሰውየው እህል አልሰጥም ያለውን ገበሬ ሁሉ ማስገረፍ ጀመረ። አጎቴ በሸንጎ ተነሡ፤ እንደ ልማዳቸው መሣሪያቸውን አስቀመጡና፣ «ጌታው፣ ጫካ የገባነው ገራፊ ለመቀየር አይደለም» አሉ።

አለቃው አሽከሮቹን፣ «ጠብመንጃውን ውሰዱት» አላቸው። ከዚያ ወዲያ መሣሪያቸውን አልመለሱላቸውም።

ባንዳ መንገድ ላይ ሲያገኛቸው በእጃቸው ከዱላ በቀር ምንም አልነበረም።

ከቀብራቸው እንደተመለስን ሸንጎ ተጠራ። አጎቴ ይቀመጡበት የነበረው ድንጋይ ላይ ማንም አልተቀመጠም። አለቃው፣ «የሚናገር አለ?» አለ። ሁላችንም ጠብመንጃችንን ጠበቅ አድርገን አቀፍን።